ፎቶግራፎችን ከስልክ ወደ ኮምፒውተር የማስተላለፍ መመሪያ

በጎንደር ጥርና የካቲት ስልክ የሚሞላባቸው ወራት ናቸው። የከተራው ጉዞ፣ በአፄ ፋሲል መዋኛ የሚከበረው ጥምቀት፣ ከዚያም ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ በየሰፈሩ የሚደገሰው ሠርግ ሁሉ በአንድ ስልክ ውስጥ ይከማቻል፤ የማከማቻ ቦታ ማለቁን የሚናገረው ማስጠንቀቂያ ሲመጣም አብዛኛው ሰው የቆዩትን ፎቶግራፎች እየመረጠ ማጥፋት ይጀምራል። ከዚህ ይልቅ ፎቶግራፎቹን ወደ ኮምፒውተር ማስተላለፍ ይቻላል፤ ሥራው በትክክለኛው ቅደም ተከተል ከተሠራም አንድም ምስል ሳይጠፋ፣ የአንዱም ጥራት ሳይቀንስ ይጠናቀቃል። ቅደም ተከተሉን አጥብቄ የማነሣው በምክንያት ነው። ስልክ ሳይሰረቅና ሳይሰበር ፎቶ የሚጠፋው፣ ሰው «ወደ ኮምፒውተር ገብቷል» ብሎ ያመነውን ነገር ከፍቶ ሳያይ ከስልኩ ላይ ሲያጠፋው ነው።

ከዚህ በታች የምገልጸው በዋናነት በገመድ የሚሠራውን መንገድ ነው። ገመድ የኢንተርኔት ጥቅል አይበላም፣ ኔትወርክ በተቋረጠ ቀንም ይሠራል፣ ምስሉንም እንደተነሣ ሳያሳንስ ያስተላልፋል።

ከመጀመርዎ በፊት

መጀመሪያ የሚፈተሸው ገመዱ ነው። የተለመደው የዩኤስቢ ገመድ በውስጡ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት፤ ሁለቱ ኤሌክትሪክ፣ ሁለቱ ደግሞ መረጃ ያስተላልፋሉ። በርካሽ ከሚሸጡት ገመዶች አንዳንዶቹ የመረጃ ሽቦዎቹ ጨርሶ የሌሏቸው ስለሆኑ ስልኩን ቻርጅ ያደርጋሉ እንጂ ኮምፒውተሩ ስልኩን እንዲያየው አያደርጉም። ስለዚህ ስልኩ ቻርጅ እያደረገ ኮምፒውተሩ ላይ ካልታየ፣ ስልኩን ወይም ኮምፒውተሩን ከመጠራጠርዎ በፊት ከስልኩ ጋር አብሮ የመጣውን ገመድ ወይም ፋይል እንደሚያስተላልፍ የተረጋገጠ ሌላ ገመድ ይሞክሩ። ኮምፒውተሩ ዴስክቶፕ ከሆነ ደግሞ ከፊት ለፊት ባለው መሰኪያ ፈንታ ከኋላ ባለው ይሰኩ፤ የኋላው በቀጥታ ከዋናው ሰሌዳ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ግንኙነቱ ይበልጥ የተረጋጋ ነው።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ላይ በቂ ቦታ መኖሩን ይመልከቱ። በ12 ሜጋፒክሰል የተነሣ አንድ ፎቶ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ይይዛል፤ ስለዚህ 1000 ፎቶ ከ3 እስከ 5 ጊጋባይት ያህል ይፈልጋል ማለት ነው። ቦታ የሚጨርሰው በዋናነት ቪዲዮ ነው፤ በፉል ኤችዲ ጥራት የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ እንደ ስልኩ ዓይነት ከ60 እስከ 130 ሜጋባይት ሊደርስ ስለሚችል፣ የሙሽሮችን አገባብና ጭፈራ ሙሉውን የቀረጸ ሰው በቪዲዮው ብቻ ከፎቶዎቹ ሁሉ የበለጠ ቦታ ይይዛል።

ፎቶዎቹ የሚቀመጡበትን ስፍራም አስቀድመው ይወስኑ። አብዛኛው ሰው ወዲያው የሚታይ ስለሆነ ዴስክቶፕ ላይ ያስቀምጣል፤ ይህን አልመክርም። ዴስክቶፕ ላይ የሚታይ ፋይል በመደበኛው አቀማመጥ ዊንዶውስ በተጫነበት በሲ ክፍል ውስጥ ያለ በመሆኑ፣ ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ፎርማት ሲደረግ፣ ማለትም ክፍሉ ተጠርጎ እንደ አዲስ ሲዘጋጅ፣ አብሮ ይጠፋል። ኮምፒውተርዎ ዲ የሚባል ሁለተኛ ክፍል ካለው በዚያ ውስጥ «ፎቶዎች» የሚል አንድ ፎልደር ይክፈቱና ሁሉም ነገር በዚያ ስር ይግባ። ሁለተኛ ክፍል ከሌለውም ፎልደሩ በአንድ የታወቀ ቦታ ይሁን፤ ኮምፒውተሩን ለጠጋኝ ሲሰጡም ፎርማት ከመደረጉ በፊት ይህ ፎልደር ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ እንዳለበት አስቀድመው ይንገሩት።

ለፎልደሮቹ ስም ሲሰጡ ዓመትን፣ ወርንና ቀንን በዚሁ ቅደም ተከተል ማስቀደም ጥሩ ነው። ለምሳሌ የ2017ቱ የጥምቀት ፎቶዎች «2017-05-11 ጥምቀት» በሚል ስም ቢቀመጡ፣ ጥር አምስተኛው ወር ስለሆነ ኮምፒውተሩ ፎልደሮቹን በስም ሲደረድራቸው ራሳቸው በጊዜ ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። ዊንዶውስ የአማርኛ ስም ያለ ችግር ይቀበላል። የፎቶዎቹን የራሳቸውን ስም ግን አይለውጡ። ብዙ ስልኮች ለፎቶው ስም የሚሰጡት ከተነሣበት ቀንና ሰዓት ነው፤ ስሙ ውስጥ «20250119_073000» የሚል ካዩ፣ ፎቶው በፈረንጅ አቆጣጠር ጥር 19 ቀን 2025፣ ማለትም በእኛ ጥር 11 ቀን 2017፣ በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 1:30 ላይ የተነሣ ነው። ፎልደሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ፋይሉ በራሱ አቆጣጠር ቢቀመጥ እርስ በርሳቸው አይጋጩም፤ በፎልደር ስሞች ውስጥ ግን ሁለቱን አቆጣጠሮች አይቀላቅሉ።

በመጨረሻም ስልኩ ቢያንስ ግማሽ ባትሪ ይኑረው፤ ላፕቶፕ ከሆነም ባትሪው ይሙላ። በዴስክቶፕ ለሚሠራና መብራት ይጠፋል ብሎ ለሚሰጋ ሰው፣ ሥራውን በትንንሽ ክፍል ከፍሎ 200 ወይም 300 ፎቶ እያደረጉ መገልበጡ ሁሉን በአንድ ጊዜ ከመገልበጥ ይሻላል፤ መሃል ላይ ቢቋረጥ የትኛው እንደገባና የትኛው እንደቀረ ለመለየት ቀላል ነውና።

ከአንድሮይድ ስልክ በገመድ

ሳምሰንግ፣ ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ፣ አይቴልና ሌሎችም የአንድሮይድ ስልኮች በዚህ ረገድ አሠራራቸው ተመሳሳይ ነው፤ የሚለያዩት በቃላት ብቻ ነው።

ስልኩን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኙና ቁልፉን ይክፈቱ። የስልኩ ስክሪን እንደተቆለፈ ከሆነ ኮምፒውተሩ የስልኩን ስም ያሳይ ይሆናል እንጂ ውስጡን አያሳይም፤ ይህም የእርስዎን ምሥጢር ለመጠበቅ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ስልኩ በራሱ የሚመርጠው ቻርጅ ማድረግን ብቻ ስለሆነ፣ ከስክሪኑ ላይኛው ጫፍ ወደ ታች በጣትዎ ይሳቡና ስለ ዩኤስቢ የሚናገረውን መልእክት ይንኩ። ከሚዘረዘሩት አማራጮች «ፋይል ትራንስፈር» የሚለውን ይምረጡ። በአንዳንድ ስልኮች ላይ «ትራንስፈሪንግ ፋይልስ» ወይም «ኤምቲፒ» ይላል፤ ሁሉም አንድ ናቸው።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ ይመለሱ። የዊንዶውስና የኢ ቁልፎችን በአንድ ላይ ሲጫኑ የፋይል መመልከቻው ይከፈታል፤ በግራ በኩል «ዚስ ፒሲ» የሚለውን ሲነኩም የስልክዎ ስም ከሲና ከዲ ክፍሎች ጋር ተሰልፎ ይታያል። ስልኩን ይክፈቱ፣ «ኢንተርናል ስቶሬጅ» የሚለውን ቀጥሎም «ዲሲአይኤም» የሚባለውን ፎልደር ይክፈቱ። በዚህ ውስጥ ያለው «ካሜራ» የተባለው ፎልደር በስልክዎ ያነሷቸውን ፎቶዎችና ቪዲዮዎች ይዟል። ስልክዎ ሚሞሪ ካርድ ካለውና ካሜራው ወደ ካርዱ እንዲያስቀምጥ ተደርጎ ከነበረ፣ በካርዱ ውስጥም ሌላ «ዲሲአይኤም» ስለሚኖር ሁለቱንም ይመልከቱ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ነገር ግን በስልኩ ጋለሪ ውስጥ የሚታየው ሁሉ በካሜራ ፎልደር ውስጥ አይደለም። ከቴሌግራም ወደ ጋለሪ ያስቀመጧቸው ምስሎች «ፒክቸርስ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ «ቴሌግራም» በሚል ስም ይገኛሉ። የዋትስአፕ ምስሎች በቅርብ ዓመታት በወጡት አንድሮይዶች ላይ ጠለቅ ብለው ነው ያሉት፦ «አንድሮይድ»፣ ከዚያ «ሚዲያ»፣ ከዚያ የዋትስአፕን ስም የያዘውን ፎልደር፣ ከዚያ «ዋትስአፕ»፣ ከዚያም «ሚዲያ» የሚለውን በተከታታይ መክፈት ያስፈልጋል። ዘመድ ከውጭ አገር የላከው የአያት ፎቶ፣ ከሠርጉ በኋላ ሚዜዎቹ የላኩት ሁሉ የሚገኘው በእነዚህ ውስጥ ነው እንጂ በካሜራ ፎልደር ውስጥ ስላልሆነ፣ አይለፏቸው።

የሚፈልጉትን ፎልደር ከከፈቱ በኋላ ሁሉንም ለመምረጥ የኮንትሮልና የኤ ቁልፎችን በአንድ ላይ ይጫኑ፤ የተወሰኑትን ብቻ ከፈለጉ ኮንትሮልን እንደያዙ አንድ በአንድ ይምረጡ። ከዚያ ቀኝ ክሊክ አድርገው «ኮፒ» ይበሉ። ወደ አዘጋጁት ፎልደር ይሂዱ፣ ባዶ ቦታ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገው «ፔስት» ይበሉ። የመገልበጡ ሂደት እስኪያልቅ ድረስ ገመዱን አይንኩ፤ ስልኩንም ለሌላ ሥራ አይጠቀሙበት።

«ከት» የሚለውን ፈጽሞ አይምረጡ። ምክንያቱን መረዳት ይጠቅማል፦ ዊንዶውስ አንድ ፋይል ገለበጥሁ ባለ ጊዜ፣ ፋይሉ ለጥቂት ጊዜ በኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ሚሞሪ ውስጥ ቆይቶ ወደ ዲስኩ ገና ያልተጻፈ ሊሆን ይችላል። በ«ከት» ሲሠራ ግን ከስልኩ ላይ ወዲያው ያጠፋዋል። በዚያች ቅጽበት መብራት ቢጠፋ ወይም ገመዱ ቢነቃነቅ ፎቶው ከሁለቱም ወገን ሊጠፋ ይችላል። በተጨማሪም ከስልክ ላይ በኮምፒውተር በኩል የጠፋ ፋይል ወደ ኮምፒውተሩ የቆሻሻ ቅርጫት አይገባም፤ በቀጥታ ይጠፋል።

የሚፈጀው ጊዜ እንደ ገመዱና እንደ ስልኩ ይለያያል። ዩኤስቢ 2.0 በንድፈ ሐሳብ በሰከንድ 480 ሜጋቢት፣ ማለትም 60 ሜጋባይት ያስተላልፋል፤ በተግባር ግን ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ፋይሎቹ ትንንሽና ብዙ ሲሆኑ ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። የመገልበጡን ሂደት የሚያሳየው መስመር ቆሞ የቀረ ቢመስልም ጥቂት መታገሥ ይገባል።

አንዳንድ ጊዜ ዛሬ ያነሷቸው ፎቶዎች በስልኩ ላይ እያሉ ኮምፒውተሩ ላይ አይታዩም። ይህ የሚሆነው ስልኩ ለኮምፒውተሩ የሚያቀርበው ዝርዝር ስላልታደሰ ነው፤ ገመዱን ነቅለው ስልኩን አጥፍተው ሲያበሩትና እንደገና ሲሰኩት አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል።

የስልኩ ስክሪን ተሰብሮ ቁልፉን መክፈት ካልተቻለ በዚህ መንገድ መሥራት አይቻልም። ፎቶዎቹ በሚሞሪ ካርድ ላይ ከሆኑ ግን ካርዱን አውጥቶ በካርድ ሪደር ማንበብ ይቻላል።

ከአይፎን

አይፎንን ከኮምፒውተር ጋር ሲያገናኙ ስልኩ ይህን ኮምፒውተር ያምኑታል ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ «ትረስት» የሚለውን ይንኩና የስልኩን የምሥጢር ቁጥር ያስገቡ። ከዚያ በዊንዶውስ «ፎቶስ» የተባለውን ፕሮግራም ከፍተው «ኢምፖርት» የሚለውን መምረጥ፣ ወይም እንደ አንድሮይዱ በፋይል መመልከቻው ገብተው ከ«ዲሲአይኤም» መገልበጥ ይቻላል። ኮምፒውተሩ ስልኩን ካላየው የአፕልን «አፕል ዲቫይስስ» ወይም «አይቱንስ» ፕሮግራም መጫን ያስፈልጋል።

በአይፎን ሁለት ነገሮች ያስቸግራሉ። የመጀመሪያው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2017 ከወጣው አይኦኤስ 11 ከተባለው የአይፎን ሥርዓት ጀምሮ አዳዲሶቹ አይፎኖች ፎቶን ኤችኢአይሲ በተባለ ዓይነት ያስቀምጣሉ፤ ቦታ ይቆጥባል፣ ነገር ግን ሁሉም ኮምፒውተር አይከፍተውም። ስልኩ ሲያስተላልፍ ጄፔግ ወደተባለው የተለመደ የፎቶ ዓይነት ሊቀይረው ይሞክራል፤ በዚህ ጊዜ መገልበጡ መሃል ላይ እየተቋረጠ መሣሪያው አልሠራም የሚል መልእክት ካመጣ፣ በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ «ፎቶስ» የሚለውን ከፍተው ወደ ታች ይውረዱና «ኪፕ ኦሪጂናልስ» የሚለውን ይምረጡ። ወደፊት የሚያነሷቸው ፎቶዎች ከመጀመሪያው ጄፔግ እንዲሆኑ ከፈለጉ በሴቲንግ፣ በ«ካሜራ»፣ በ«ፎርማትስ» ውስጥ «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ይምረጡ። ሁለተኛው፣ አይክላውድ የተባለው የአፕል የኢንተርኔት ማከማቻ ተከፍቶ «ኦፕቲማይዝ ስቶሬጅ» ከተመረጠ፣ የፎቶዎቹ ዋና ቅጂ በአይክላውድ ላይ ሆኖ ስልኩ ውስጥ የሚገኘው መጠኑ ያነሰው ቅጂ ብቻ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ በገመድ የሚወጡት ፎቶዎች ጎዶሎ ይሆናሉ፤ ዋናዎቹን በዋይፋይ ወደ ስልኩ ማውረድ ወይም ከአይክላውድ ድረ ገጽ መውሰድ ያስፈልጋል።

የተገለበጠውን ማረጋገጥ

ከሥራው ሁሉ ሊዘለል የማይገባው ይህ ነው። በስልኩ በኩል ያለውን ፎልደር ይክፈቱና በመስኮቱ ታችኛ ጠርዝ በግራ በኩል የሚጻፈውን የፋይል ብዛት ይመልከቱ። ወደ ኮምፒውተሩ ፎልደር ይሂዱና በተመሳሳይ ቦታ ያለውን ብዛት ያወዳድሩ። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል መሆን አለባቸው። ካልሆኑ የጎደለውን ለመፈለግ መድከም አያስፈልግም፤ ሁሉንም እንደገና «ኮፒ» አድርገው ሲለጥፉ ዊንዶውስ በቦታው ያሉትን እንዲዘል ስለሚጠይቅዎ «ስኪፕ» የሚለውን ይምረጡ፤ የጎደሉት ብቻ ይጨመራሉ።

ቁጥር መግጠሙ ግን ብቻውን አይበቃም፤ በስም ያለ ነገር ግን ውስጡ ያልተሟላ ፋይል ሊኖር ይችላልና። ፋይሎቹን በመጠን ይደርድሯቸውና መጠናቸው ዜሮ የሆነ ወይም ከሌሎቹ ያለ ልክ ያነሰ ካለ ይመልከቱ። ቀጥሎ ከመጀመሪያ፣ ከመካከልና ከመጨረሻ ጥቂት ፎቶዎችን ከፍተው ሙሉ መሆናቸውን ይዩ፤ ግማሹ ግራጫ የሆነ ፎቶ ሳይጨርስ የተቋረጠ ነው። ቪዲዮዎችን ደግሞ መጀመሪያቸውን ብቻ ሳይሆን ወደ መጨረሻቸው አሻግረው ያጫውቷቸው። ብዛቱን ካወዳደሩ በኋላ ፎቶዎቹንና ቪዲዮዎቹን ከፍተው የሚያዩት ግን ገመዱን ነቅለው ነው፤ ገመዱ እንደተሰካ ከሆነ ሳያውቁት በስልኩ ላይ ያለውን ከፍተው በኮምፒውተሩ ላይ እንዳለ ሊቆጥሩት ይችላሉ።

ያለ ገመድ፣ በተለይም በቴሌግራም

በከተማችን ለብዙ ሰው ፎቶን ወደ ኮምፒውተር ማሻገሪያው ቴሌግራም ነው፤ ወደ «ሴቭድ መሴጅስ» ልኮ በኮምፒውተር ማውረድ። ለሁለትና ለሦስት ፎቶ ምቹ ነው። ነገር ግን ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከለትን ምስል ያሳንሰዋል፤ በውስጡ የተመዘገበውን የተነሣበትን ቀንም ያስቀረዋል። በስልክ ስክሪን ላይ ልዩነቱ አይታይም። የሚታየው ምስሉ ተለቅ ብሎ ሊታተም ሲወሰድ ነው። በለቅሶ ቤት በትልቁ ታትሞ የሚቀመጠው የሟች ፎቶ የደበዘዘና የተሸራረፈ ሆኖ የሚወጣው፣ ብዙውን ጊዜ ዋናው ፎቶ ጠፍቶ በቴሌግራም የተላላከው ብቻ ስለቀረ ነው፤ በዚያን ጊዜ ማስተካከል አይቻልም። ስለዚህ በቴሌግራም መላክ ግድ ከሆነ፣ የወረቀት መያዣ ቅርጽ ያለውን የማያያዣ ምልክት ነክተው «ፋይል» በሚለው በኩል ይላኩ፤ ያን ጊዜ ምስሉ እንዳለ ይሄዳል።

ኮምፒውተሩና የአንድሮይድ ስልኩ ዋይፋይ ካላቸው በጉግል የተሠራው «ኩዊክ ሼር» ለዊንዶውስም ስላለ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ጭነው ያለ ገመድና ያለ ኢንተርኔት ጥቅል ምስሉን ሳያሳንሱ ማስተላለፍ ይችላሉ። ብሉቱዝ እጅግ ዘገምተኛ ስለሆነ ለአንድና ለሁለት ፎቶ ካልሆነ አይጠቅምም።

በሰው ኮምፒውተር ሲሠሩ

የራሱ ኮምፒውተር የሌለው ሰው ፒያሳ ወይም ማራኪ አካባቢ ባሉ ፎቶ ቤቶችና ኢንተርኔት ቤቶች ማሠራቱ የተለመደ ነው። ስልክዎን እዚያ የሚሰኩት ቻርጅ ለማድረግ ብቻ ከሆነ ፋይል ትራንስፈርን አይምረጡ፤ በአይፎንም «ትረስት» አይበሉ። ፎቶ ለማሳተም ከሆነ በፎልደር ሙሉ ሳይሆን የሚታተሙትን ብቻ ለይተው ይስጡ፤ ከታተሙ በኋላም ከኮምፒውተሩና ከቆሻሻ ቅርጫቱ መጥፋታቸውን ቆመው ያረጋግጡ። የሚጠፋው የቤተሰብ ፎቶ ስለሆነ ይህን መጠየቅ የሚያሳፍር አይደለም። ፍላሽ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ፣ ፎልደሮችን የሚደብቁና በቦታቸው አቋራጭ የሚያስቀምጡ ቫይረሶች በእንዲህ ዓይነት ኮምፒውተሮች በኩል ስለሚዛመቱ፣ ብቸኛው ቅጂ ያለበትን ፍላሽ አይውሰዱ።

ሁለተኛ ቅጂና ከስልኩ ማጥፋት

ከስልኩ ላይ ከማጥፋትዎ በፊት ፎቶዎቹ በሌላ ሁለተኛ ቦታ መኖር አለባቸው፤ ኮምፒውተሩ ብቻውን በቂ አይደለም፣ ሀርድ ዲስክም ይሞታልና። ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ወይም ጥሩ ፍላሽ ይበቃል። ረጅም ቪዲዮ ወደ ፍላሽ ሲገለብጡ ቦታ እያለ ፋይሉ ከመጠን በላይ ትልቅ ነው የሚል መልእክት ከመጣ፣ ፍላሹ በፋት32 የተዘጋጀ ነው ማለት ነው፤ ይህ አሠራር ከ4 ጊጋባይት የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፍላሹን በኤክስፋት ፎርማት ማድረግ ችግሩን ይፈታል፣ ነገር ግን በውስጡ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ አስቀድመው ያውጡት።

ስልክዎ በጉግል ፎቶስ ወይም በአይክላውድ ፎቶዎችን በራሱ የሚያስቀምጥ ከሆነ፣ ከጋለሪው የሚያጠፉት ፎቶ ከዚያም አብሮ ሊጠፋ እንደሚችል ይወቁ። በጉግል ፎቶስ «ፍሪ አፕ ስፔስ» የሚለው ትእዛዝ ከስልኩ ብቻ ስለሚያጠፋ የሚመረጠው እሱ ነው። ይህ በሌለበት ስልክ ከጋለሪው ውስጥ በቀን እየለዩ፣ ቅጂያቸውን በሁለቱም ቦታ ያዩዋቸውን ብቻ ያጥፉ። የጠፉት ፎቶዎች በአይፎን «ሪሰንትሊ ዲሊትድ» በሚለው ውስጥ፣ በአብዛኞቹ አንድሮይዶችም በጋለሪው የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ለተወሰኑ ሳምንታት ስለሚቆዩ ቦታው ወዲያው አይለቀቅም። ቦታው በእጅጉ ካላስቸገረዎት ቅርጫቱን ቸኩለው ባዶ አያድርጉት፤ የጎደለ ነገር ካለ በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ይታወቃል።